የመጀመሪያው ሰው ሲናገር ማን ገባው?

የማታ አንባቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል። የቋንቋ ነገር የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ይርዳኝ።

ልጄ 13 ወሯ ነው። የምትላቸው ቃላት ሁለት ሦስት ቢሆኑ ነው። ግን «ኳሷን አምጪ» ስላት ዞር ዞር ብላ ፈልጋ ታመጣለች። «ኳስ» ማለት ግን ገና አትችልም። ይሄን እያየሁ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። እሷ ቋንቋ የምትማረው እኔ ስለማወራት ነው። እኔ ከእናቴ ተማርኩ፣ እናቴ ከእናቷ። እንዲህ እያልን ወደ ኋላ ብንሄድ፣ የሆነ ቦታ ላይ ማንም ያላስተማረው አንድ ሰው መኖር አለበት አይደል? ያ ሰው የመጀመሪያዋን ቃል ሲተነፍስ ታዲያ ማን ገባው? የሚገባው ሰው ከሌለ የተናገረው ቃል አይደለም፣ ድምፅ ብቻ ነው። የሚገባው ሰው ካለ ደግሞ ቋንቋው ከዚያ በፊትም ነበረ ማለት ነው። ከዚህ አዙሪት መውጣት አቃተኝ።

የጠየቅኳቸው ሰዎች ወይ «ከእንስሳት ድምፅ ነው የመጣው» ብለው ያልፉኛል፣ ወይ «የማይታወቅ ነገር ነው፣ ምን አደከመሽ» ይሉኛል። እኔ ግን ከልቤ ማወቅ እፈልጋለሁ። የሚታወቀውን ያህል ንገሩኝ።

ዘ-ልሳን፦

እህቴ፣ ጥሩ ቦታ ነው የያዝሽው። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

«ምን አደከመሽ» ያሉሽ ሰዎች ብቻቸውን አይደሉም። የፓሪስ የቋንቋ ጥናት ማኅበር በ1866 ደንቡ ላይ ስለ ቋንቋ አመጣጥ የሚቀርብ ጽሑፍ አንቀበልም ብሎ ጽፏል። ምክንያትም ነበራቸው። ንግግር አጥንት የለውም፤ ከአፍ ይወጣል፣ አየር ላይ ይጠፋል። ጽሕፈት በሜሶጶጣሚያ ከተጀመረ 5,000 ዓመት ትንሽ ቢያልፈው ነው፣ የእኛ ዓይነት ሰው ግን ምድር ላይ ከታየ ወደ 300,000 ዓመት ይሆነዋል። ስለዚህ ተጽፎ የምናገኘው የታሪኩን ጭራ ብቻ ነው። ማስረጃ በሌለበት ደግሞ ሁሉም የመሰለውን ይናገር ነበር። አንዱ የወፍና የአውሬ ድምፅ ሲኮረጅ ነው ይላል፣ አንዱ ሰው ሲያመውና ሲደነግጥ ከሚያወጣው ድምፅ ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ሰዎች ከባድ ነገር አብረው ሲያነሡ ከሚያሰሙት ትንፋሽ ነው ይላል። ማኅበሩ ሰለቸውና በሩን ዘጋ። ዛሬ ግን የጂን፣ የአጥንት፣ የሕፃናትና የእንስሳት ጥናቶች አንድ ላይ መጥተው በሩን መልሰው ከፍተውታል።

አሁን ወደ አዙሪትሽ። የያዘሽ ነገር «የመጀመሪያው ሰው» የሚለው ቃል ነው። እስቲ ሌላ ጥያቄ ልጠይቅሽ። የመጀመሪያው አማርኛ ተናጋሪ ማን ነበር? አንድ ጊዜ አማርኛ የሚባል ቋንቋ አልነበረም፣ ዛሬ አለ። ስለዚህ አንድ የመጀመሪያ ተናጋሪ መኖር ያለበት ይመስላል። ግን እናቱ አማርኛ የማትችል፣ እሱ ግን ተነስቶ በአማርኛ ያወራ ልጅ ኖሮ አያውቅም! እያንዳንዱ ልጅ ከእናቱ ጋር ይግባባ ነበር። እያንዳንዷ እናትም ከእናቷ ጋር። በየትውልዱ የሚለወጠው ትንሽ ነው፣ ማንም ልብ አይለውም። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ግን የመጀመሪያዋን አያትና የመጨረሻዋን የልጅ ልጅ ብታገናኛቸው አይግባቡም።

ቋንቋ ራሱም እንደዚያ ነው የመጣው ብዬ ነው የማምነው። የማይናገሩ ወላጆች የሚናገር ልጅ ወለዱ የሚባልበት ቀን የለም።

«ማን ገባው» ላልሽው ደግሞ መልሱ ልጅሽ ውስጥ አለ። ኳሱን ታመጣለች፣ «ኳስ» ግን አትልም። መረዳት ከመናገር ይቀድማል። ይሄ በሕፃናት ላይ ብቻ አይደለም። ኬንያ ውስጥ አምቦሴሊ በሚባለው ቦታ ሦስት ተመራማሪዎች ጦጣዎች ላይ የሠሩት ጥናት በ1980 ወጥቷል። ጦጣዎቹ ነብር ሲያዩ፣ ንስር ሲያዩና እባብ ሲያዩ የሚያሰሙት ጩኸት የተለያየ ነው። ተመራማሪዎቹ ድምፁን ቀርጸው፣ ምንም አውሬ በሌለበት በድምፅ ማጉያ ለቀቁት። የነብሩን ሲሰሙ ዛፍ ላይ ወጡ። የንስሩን ሲሰሙ ወደ ሰማይ አዩ ወይ ቁጥቋጦ ውስጥ ገቡ። የእባቡን ሲሰሙ በኋላ እግራቸው ቆመው ሣሩን ቃኙ። ልብ በይ፣ የጮኸችው ጦጣ «ልንገራቸው» ብላ አስባ ላይሆን ይችላል። ደንግጣ ሊሆን ይችላል። የሰሙት ግን ትርጉም አወጡበት። ስለዚህ ትርጉም የገባው በአፍ በኩል አይደለም፣ በጆሮ በኩል ነው። ሰሚ ነበረ፣ ተናጋሪው ነው ቀስ ብሎ የደረሰበት።

አንድ ጥያቄ፦

ዘ-ልሳን፣ ጦጣና ሰው ግን አንድ አይደለም። ጦጣ «ትናንት እዚህ ነብር ነበር» አትልም። ሦስት ጩኸት ይዘህ ወደ ሙሉ ሰዋስው እንዴት ትደርሳለህ? እዚህ ጋ ያለውን ገደል እየዘለልከው ነው።

የእጅ ቋንቋ፦

እኔ ቋንቋ አላጠናሁም። ግን የማታ አንባቢ የጠየቀችውን ነገር ቤታችን ውስጥ በዓይኔ ስላየሁት ልጻፍ።

ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ ጀምሮ አይሰማም። የምልክት ቋንቋ ያገኘው በ9 ዓመቱ ነው። እስከዚያ ድረስ እኔና እሱ የራሳችን ምልክቶች ነበሩን። ማንም አላስተማረንም። መጀመሪያ ላይ «ተኛ» ለማለት መሬት ላይ ጋደም ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደሚያንኮራፋ ሰው ደረቱን ከፍ ዝቅ ያደርግ ነበር። ሙሉ ትርኢት ነው። ከጊዜ በኋላ ጭንቅላቱን በመዳፉ ላይ ዘንበል ማድረግ ብቻ ሆነ። ኋላ ላይ ደግሞ አንድ ጣት ጉንጭ መንካት ብቻ ቀረ። እንግዳ ሰው ቢያየው ምንም አይገባውም። እኔ ግን ከሩቅ ሆኜ ይገባኛል። ቁጭ ብለን «ከዛሬ ጀምሮ ይሄ እንቅልፍ ነው» አልተባባልንም። እያጠረ የሄደው ስለተግባባን ነው። የመጀመሪያው ቀን መቼ ነበር ብትሉኝ መናገር አልችልም፣ ምክንያቱም አልነበረም።

አክስታችን መነጽር ታደርግ ስለነበር ስሟ በዓይን ላይ ሁለት ክብ ነበር። መነጽሩን ከተወች በኋላም ስሟ ያው ክብ ሆኖ ቀረ።

ግን እውነቱን መናገር አለብኝ። ለሁለታችን የሚበቃን ነገር ሙሉ ቋንቋ አልነበረም። «ና»፣ «ስጠኝ»፣ «አመመኝ»፣ «እሷ መጣች» እንባባላለን። «ትናንት የነገርከኝ ልጅ ዛሬ ለምን አልመጣም» የሚለው ግን አይወጣንም ነበር። ወንድሜ ይናደዳል፣ እኔም አለቅሳለሁ። የሚፈልገው ነገር ውስጡ እንዳለ አያለሁ፣ መውጫ ግን የለውም። መጀመሪያ የገባበት ትምህርት ቤት ደግሞ ከንፈር እያየ እንዲናገር ብለው እጁን እንዳያንቀሳቅስ ከለከሉት። ያ ዓመት ባከነ። ይሄ ነገር የቆየ ታሪክ እንዳለው ያወቅኩት በኋላ ነው። በ1880 ሚላኖ ላይ የተሰበሰቡ የመስማት የተሳናቸው ልጆች መምህራን የምልክት ቋንቋ ከትምህርት ቤት ይውጣ ብለው ወሰኑ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በብዙ አገር የልጆች እጅ ታሰረ።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ሲገባ እንደሱ ያሉ ልጆች አገኘ። በሁለት ዓመት ውስጥ እኔ አልደርስበት አልኩ። እጁ ይፈጥንብኛል።

«አንድ ጥያቄ» ስለ ገደሉ ላልከው ደግሞ ስለ ኒካራጓ ልንገርህ። እዚያ አገር እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ መስማት የተሳናቸው ልጆች በየቤታቸው ተበታትነው ነበር የሚኖሩት። እያንዳንዱ እንደ ወንድሜ የራሱ የቤት ምልክት ነበረው። ከዚያ ማናጓ ከተማ ትምህርት ቤት ተከፈተላቸውና በመቶዎች ሆነው ተገናኙ። አስተማሪዎቹ ስፓኒሽ በከንፈር ንባብ ሊያስተምሯቸው ሞከሩ፣ አልሆነም። ልጆቹ ግን በጨዋታ ሜዳውና በአውቶቡሱ ውስጥ የየቤታቸውን ምልክት ቀላቀሉት። መምህራኑ ምን እየተባባሉ እንደሆነ አልገባቸውም። በ1986 ጁዲ ኬግል የምትባል አሜሪካዊት የቋንቋ ባለሙያ መጥታ ስታይ፣ ትንንሾቹ ልጆች ከትልልቆቹ የበለጠ የተደራጀ ሰዋስው ይጠቀሙ ነበር።

በጣም የሚገርመኝ አንዱ ምሳሌ ይሄ ነው። አንድ ነገር እየተንከባለለ ቁልቁል ሲወርድ አይተው ሲናገሩ፣ ቀድመው የገቡት ልጆች እጃቸውን እያሽከረከሩ በአንድ ጊዜ ወደ ታች ያወርዱታል፤ ልክ እንዳዩት ማለት ነው። ኋላ የመጡት ትንንሾች ግን ለሁለት ከፈሉት። አንድ ምልክት ለመንከባለል፣ ሌላ ምልክት ለመውረድ፣ አንዱን ከሌላው አስከትለው። ዓይን የሚያየው እንደዚያ አይደለም፣ በዓይን ሁለቱ አብረው ናቸው። ልጆቹ ግን ለየብቻ ቃል አደረጓቸው። አንዴ ከተለያዩ በኋላ ደግሞ እየተንከባለለ መውጣት ይቻላል፣ እየዘለለ መውረድ ይቻላል። ገደሉን የተሻገሩት ልጆች ናቸው። ትልቅ ሰው አልረዳቸውም።

የማታ አንባቢ፦

የእጅ ቋንቋ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአክስታችሁ ክብ መነጽሩ ከሄደ በኋላ መቅረቱ ብዙ ነገር ገለጸልኝ። ወንድምሽን ሰላም በይልኝ።

ግን የኒካራጓ ልጆች የሰው ጭንቅላት ይዘው ነው የተወለዱት። ያንን ጭንቅላት ማን አመጣው?

አጥንትና ድንጋይ፦

እዚህ ጋ እኔ ልግባ። የምሠራው ከቅሪተ አካል ጋር ስለሆነ ሰዎች ብዙ ጊዜ «የቋንቋ አጥንት አገኛችሁ ወይ» ብለው ይጠይቁኛል።

የምትቀርበው አንዲት አጥንት አለች። ከምላስ ሥር፣ ከማንቁርት በላይ የምትገኝ የፈረስ ጫማ ብረት የምትመስል ትንሽ አጥንት ናት። በ1983 ኬባራ በሚባል ዋሻ ውስጥ የ60,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የኒያንደርታል (ከእኛ ጋር የሚዛመድ፣ ከምድር የጠፋ የሰው ዘር) አፅም ከዚች አጥንት ጋር ተገኘ። ቅርጿ ከእኛ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ታዲያ ተናገሩ ማለት ነው? አጥንቷ ብቻዋን ይሄን አትነግረንም። መናገር አይችሉም የሚለውን ክርክር ግን አዳክማለች።

ለረጅም ጊዜ «የሰው ማንቁርት ዝቅ ስላለ ነው መናገር የቻልነው» ይባል ነበር። እኔም ተማሪ ሆኜ እንደዚያ ነው የተማርኩት። በኋላ የወንድ ቀይ አጋዘን ማንቁርትም ዝቅ ያለ መሆኑ ታየ፤ አጋዘን ደግሞ አይናገርም፣ ድምፁን አወፍሮ ትልቅ ለመምሰል ነው የሚጠቀምበት። በ2016 ደግሞ የአንድ ጦጣ አፍና ጉሮሮ በራጅ ተቀርጾ ሲሰላ፣ ለንግግር የሚበቃ ብዙ አናባቢ ማውጣት የሚችል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የጎደለው አፉ አይደለም፣ አፉን የሚያዘው አንጎል ነው።

ስለ ጂንም ብዙ ይወራል። ሎንደን ውስጥ አንድ ቤተሰብ አለ፤ በሦስት ትውልድ ግማሽ ያህሉ አባላት ቃላትን አስተካክለው ማውጣት ይቸገራሉ። በ2001 ምክንያቱ ተገኘ፣ ፎክስፒ2 የሚባል ጂን ላይ የደረሰ አንድ ለውጥ ነው። ጋዜጦች ወዲያው «የቋንቋ ጂን ተገኘ» ብለው ጻፉ። እባካችሁ ይሄን አትድገሙ። ጂኑ አይጥም ላይ አለ፣ ወፍም ላይ አለ። ዘማሪ ወፎች ላይ ሥራው ሲቀንስ ጫጩቱ የአባቱን ዜማ በትክክል አይማርም። የኛ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ከቺምፓንዚ የሚለየው በሁለት ቦታ ነው፣ እነዚያ ሁለት ለውጦች ደግሞ በ2007 በኒያንደርታልም ላይ ተገኝተዋል። «ባለፉት 200,000 ዓመታት ውስጥ በፍጥነት የተመረጠ ጂን ነው» የሚለውም በ2018 ብዙ ሰው ተጨምሮ ሲመረመር አልቆመም። ጂኑ ለእንቅስቃሴ ቅንብር አስፈላጊ ነው፣ ያለሱ ንግግር ይቸግራል። ቋንቋን ብቻውን ያመጣ ጂን ግን የለም።

ይልቅ እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነው። በ1970ዎቹ ኒም የተባለ ቺምፓንዚ እንደ ልጅ አሳድገው የምልክት ቋንቋ ሊያስተምሩት ሞክረው ነበር። ከመቶ በላይ ምልክት ተማረ። ረጅሙ ንግግሩ 16 ምልክት ነው። ግን ሲያዩት ስጠኝ፣ ብርቱካን፣ እኔ፣ ብላ፣ አንተ የሚሉ አምስት ምልክቶች ናቸው እየተመላለሱ የመጡት። ቁጥሩ አደገ፣ ሐሳቡ ግን አላደገም። የተመራማሪው ቡድን ራሱ በ1979 ይሄ ዓረፍተ ነገር አይደለም ብሎ ጻፈ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ንግግሩ ደግሞ ልመና ነበር። ስጠኝ፣ አምጣ፣ ኮርኩረኝ።

ካንዚ የተባለው ቦኖቦ (የቺምፓንዚ የቅርብ ዘመድ ነው) ግን በሌላ በኩል አስደንቆናል፣ ዘ-ልሳን የሚለውንም ያጠናክራል። 660 አዳዲስ ትእዛዞች ሰጥተውት፣ ከዚያ በፊት ሰምቶ የማያውቃቸውን፣ ወደ 72 በመቶው ላይ ትክክል አደረገ። መረዳቱ ከመናገሩ በጣም ርቆ ሄዷል።

አሁን የማታ አንባቢ ልጅሽን ተመልከቺ። አንድ ዓመት አካባቢ ያለ ሕፃን በጣቱ ያሳያል። አንዳንዴ «ስጪኝ» ለማለት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ምንም አይፈልግም። ወፏን ያሳይሻል፣ ከዚያ ዞሮ ፊትሽን ያያል። «አየሽው?» ነው የሚልሽ። በዱር የሚኖሩ ቺምፓንዚዎች ይሄን ሲያደርጉ ማየት በጣም ብርቅ ነው። እኔ እንደማስበው ጭንቅላቱን ያመጣው ይሄ ነው፤ አብሮ የማየት ፍላጎት። አብረው የሚያድኑ፣ ልጆቻቸውን አብረው የሚያሳድጉ፣ ድንጋይ መጥረብን አንዱ ለሌላው የሚያሳይ ፍጡሮች ከሆኑ፣ ትንሽ የተሻለ የሚግባባው ቤተሰብ ልጆቹ ይተርፉለታል። ይሄ በመቶ ሺዎች ዓመታት ሲደጋገም አንጎል ይለወጣል። ድንጋይ መጥረብ ከተጀመረ ከ2.6 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ስለዚህ ጊዜው አልጠበበም።

አንድ ጥያቄ፦

ጥሩ፣ አብሮ ማየቱን ተቀብያለሁ። ግን የቋንቋ ሊቁን ኖአም ቾምስኪን የመሳሰሉ ሰዎች የሚሉት ሌላ ነው። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ዓረፍተ ነገር መክተት መቻል፣ «መጥቷል ብላ የነገረችኝን ልጅ አይቻታለሁ» ማለት፣ ግማሹ የለም። ወይ ትከታለህ ወይ አትከትም። ስለዚህ በአንድ ትንሽ ለውጥ በአጭር ጊዜ የመጣ ነው ይላሉ። ደቡብ አፍሪካ ብሎምቦስ ዋሻ ውስጥ ሆን ተብሎ መስመር የተጫረበት ቀይ ድንጋይ ተገኝቷል፣ ከ70,000 ዓመት በላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ ሁሉ የሚፈነዳው።

አጥንትና ድንጋይ፦

ወንድሜ፣ ሐሳቡን አከብራለሁ። ግን የተጫረው ድንጋይ የሚነግረን ምልክት ይሠሩ እንደነበር ነው፣ ቋንቋ በዚያ ቀን ተጀመረ ማለት አይደለም። ዓረፍተ ነገር መክተቱ ላይ ደግሞ የእጅ ቋንቋ የጻፈችውን መልሰህ አንብብ። የኒካራጓ ልጆች መጀመሪያ አንድ የነበረውን ለሁለት ከፈሉ፣ አንዱን ከሌላው አስከተሉ፣ ማን ምን እንዳደረገ የሚለይበት ቦታም አበጁ። ደረጃ በደረጃ ነው። የአንጎሉ አቅም በአንዴ መጣ ብትል እንኳ ሰዋስው ራሱ በትውልድ ነው የተሠራው።

አንድ ጥያቄ፦

እሺ። አልተስማማሁም፣ ግን የመከፈሉን ነገር አስብበታለሁ። ዘ-ልሳን፣ መጀመሪያ ቋንቋው አንድ ነበር ወይስ ብዙ? የባቢሎንን ግንብ ታሪክ እያወቅን ላደግን ሰዎች ይሄ ትልቅ ጥያቄ ነው።

ዘ-ልሳን፦

የእምነቱን ክፍል ለእምነት ልተወው፣ ከፍ አድርጌ ነው የማየው። የጥናቱን ልንገርህ።

ሰው ይሄን በጥንትም ይጠይቅ ነበር። የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው አንድ የግብፅ ፈርዖን ሁለት ሕፃናትን ምንም ቃል ሳይሰሙ ከፍየሎች ጋር እንዲያድጉ አደረገ፤ መጀመሪያ የሚሉት ቃል የመጀመሪያው ቋንቋ ነው ብሎ። «ቤኮስ» አሉ፣ በፍርግያ (በዛሬዋ ቱርክ የነበረ ጥንታዊ አገር) ቋንቋ ዳቦ ማለት ነው ተባለ። ምናልባት የፍየሎቹን ድምፅ ነው የደገሙት። የሚያሳዝን ሙከራ ነው፤ የእጅ ቋንቋ ስለ ወንድሟ የጻፈችውን ካነበብኩ በኋላ ደግሞ ይበልጥ ያሳዝነኛል።

ዘመናዊው መንገድ ቋንቋዎችን ማነጻጸር ነው። «ሰማ» የሚለውን ውሰድ። በግዕዝ «ሰምዐ»፣ በዐረብኛ «ሰሚዐ»፣ በዕብራይስጥ «ሻማዕ» ነው። መጨረሻ ላይ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ አለ። አማርኛ ላይ ያ ድምፅ ጠፋ፣ «በልዐ»ም «በላ» ሆነ። ከ4,000 ዓመት በፊት በሜሶጶጣሚያ ይነገር የነበረው አካድኛም ያንኑ ድምፅ ጥሎት «ሸሙ» ይል ነበር። ሁለት ዘመዳሞች፣ በሺዎች ዓመታት ተራርቀው፣ አንድ ዓይነት ነገር ጣሉ። ፊደላችን ግን አ እና ዐን ለየብቻ ይዞ ቀርቷል። እኔ ፊደሉን ሳይ ቅሪተ አካል የማይ ነው የሚመስለኝ፤ ድምፁ ሄዷል፣ አጥንቱ አለ።

ግን ይሄ መንገድ ገደብ አለው። ቃላት ይተካሉ፣ ድምፆች ይለወጣሉ። ወደ 10,000 ዓመት ገደማ ከሄድክ በኋላ ዝምድናና አጋጣሚ መለየት ያቅታል። ስለዚህ አንድ ነበር ወይስ ብዙ የሚለውን በቃላት ማረጋገጥ አይቻልም። «እማማን የሚመስል ቃል በየቋንቋው አለ፣ ይሄ ከአንድ ቋንቋ መምጣቱን አያሳይም ወይ» የሚል ሰው ይኖራል። አያሳይም። «ማ» እና «ባ» ሕፃን መጀመሪያ የሚያወጣቸው ቀላል ድምፆች ናቸው፣ ከንፈር መግጠምና መክፈት ብቻ ነው። ትርጉሙን የሚሰጡት አጠገቡ ያሉት ሰዎች ናቸው። በጆርጂያ ቋንቋ «ማማ» አባት ነው፣ እናት «ዴዳ» ናት። አሁንም ሰሚው ነው ቃሉን የሠራው!

ስለ ሰዋስው አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ምክንያቱም ይሄን ሳስብ ሁሌ እደሰታለሁ። «ይሄዳል» ስንል መጨረሻ ላይ ያለችው «ል» ምንድን ናት? «አለ» ናት። ይሄድ እና አለ ነበሩ፣ ተጣበቁ። «እሄዳለሁ» ስትል ደግሞ «አለሁ» ፊት ለፊት ይታይሃል። ሙሉ ቃል የነበረ ነገር ተበልቶ የግሥ ጭራ ሆነ። «ራስ» ደግሞ ጭንቅላት ነው። «ራሱን ጎዳ» ስንል ግን ጭንቅላቱን ማለታችን አይደለም። «ፊት» የሰው ገጽ ነው። ከዚያ ቦታ ሆነ፣ «ከቤቱ ፊት» አልን፤ ቤት ዓይንና አፍንጫ የለውም። ከዚያ ጊዜ ሆነ፣ «በፊት» አልን። ከሥጋ ተነስቶ ቦታ፣ ከቦታ ተነስቶ ጊዜ። በዓለም ላይ ካሉት ወደ 7,000 ከሚጠጉ ቋንቋዎች ውስጥ እጅግ ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ሄደዋል፣ ሳይመካከሩ። መጀመሪያ ላይ ለሚታዩና ለሚነኩ ነገሮች ጥቂት ቃላት ብቻ ቢኖሩ፣ በዚህ መንገድ ብቻ መስተዋድድና የጊዜ ምልክት ማግኘት ይቻላል። ወንድምሽ «ተኛ»ን ከሙሉ ትርኢት ወደ አንድ ጣት እንዳወረደው ነው፣ የእጅ ቋንቋ።

የእጅ ቋንቋ፦

ይሄን ለወንድሜ በእጅ ተረጎምኩለት። «በፊት» ለማለት እኛ እጃችንን ወደ ጀርባ ነው የምንወስደው አለኝ። ያለፈው ከኋላ ነው በእኛ ዘንድ። በአማርኛ ግን ያለፈው «በፊት» ነው። ግማሽ ሰዓት ስለዚህ ስንጨቃጨቅ ነበር።

ሌላም ጠየቀኝ። ቋንቋ በእጅ ከተጀመረ ለምን ወደ አፍ ሄደ? ይሄን ማን ይመልስልኛል?

ዘ-ልሳን፦

በእጅ ነው የተጀመረው የሚሉ ጥሩ ተመራማሪዎች አሉ፣ ወደ እነሱ አደላለሁ። እንደ ቺምፓንዚ ያሉ ዘመዶቻችን እጃቸውን እንደፈለጉ ያዛሉ፣ ድምፃቸውን ግን ብዙም አያዙም። ወደ አፍ የሄደበት ምክንያት ምናልባት ቀላል ነው። አፍ በጨለማ ይሠራል፣ ጀርባ ላዞረ ሰው ይደርሳል፣ እጅም ለሥራ ነፃ ይሆናል። ግን ሙሉ በሙሉ አልሄደም። ስልክ ላይ እያወራን እንኳ እጃችንን እናወናጭፋለን። ወንድምሽ የሚናገረው ቋንቋ ደግሞ ከእኔው በምንም አያንስም፣ ይሄን ንገሪው።

የማታ አንባቢ፦

ሦስት ቀን ሙሉ እየደጋገምኩ አነበብኳችሁ። «እናቱ ያልገባት ልጅ ኖሮ አያውቅም» የሚለው ነው ከአዙሪቱ ያወጣኝ። እኔ የምፈልገው ሰው፣ ብቻውን ቆሞ የሚናገረው፣ የለም።

አንድ ነገር ላክልላችሁ። ትናንት ማታ ልጄ በመስኮት በኩል ጨረቃዋን በጣቷ አሳየችኝ። አጥንትና ድንጋይ እንዳለው ነው፣ ዞራ ፊቴን አየች። «ጨረቃ» አልኳት። «ቃ» አለች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የጣሪያውን መብራት እያሳየች «ቃ» አለች። ከዚያ ኳሷንም «ቃ» አለች። ተሳስታ ነው? ላርማት?

ዘ-ልሳን፦

አታርሚያት። ክብ ነገር ሁሉ ወይም የሚያበራ ነገር ሁሉ «ቃ» ሆኖላታል፣ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። «ፊት»ን ከገጽ ወደ ቦታ የወሰዱት ሰዎች ያደረጉትም ይሄንኑ ነው። ኳሷን ስታሳይሽ «አዎ፣ ኳስ» በያት፣ ይበቃል። በጥቂት ወር ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። እስከዚያ ድረስ ምን ምኑን «ቃ» እንደምትል ከነቀኑ ጻፊው፣ ሌላ የሚመዘግብላት ሰው የለም።